ዋጋው የሚወጣ አውቶሞቢል ሀብት ነውን?

በዛሬው ጊዜ በወጣቶቻችን ዘንድ አንድ አነጋገር እንደ ሃይማኖት ቃል ተይዟል። ይኸውም «መኪና ዛሬ ያልገዛ ሰው ነገ አይደርስበትም» የሚል ነው። ከዚሁ ጋራ የተወለደ ሁለተኛ አነጋገርም አለ፤ «መኪና ገንዘብ ነው፤ ብትነዳው ትጠቀምበታለህ፣ ብትሸጠው ታተርፍበታለህ» ይላሉ። እኔ በዚህች ጽሑፍ ልከራከረው የተነሣሁት ይኸንኑ ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውስ ከፊሉ እውነት ነው፤ ዋጋው በእርግጥ ሽቅብ ሲሄድ ኖሯል። ስሕተቱ ያለው ዋጋው የወጣ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱን ያበለጽጋል በሚለው ሐሳብ ውስጥ ነው።

ገዋኔ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ለዚህ ሐሳብ ከሩቅ የምትገኝ አይደለችም። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው የአገራችን ዕቃ ብዙው በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌን አልፎ፣ በደጃችን ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዳዲሶቹም አውቶሞቢሎች በረጅም ተሳቢ ላይ እንደ ሙሽራ ተሸልመውና ተደርድረው በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ልጆቻችን ከመንገድ ዳር ቆመው ስማቸውን ያጠናሉ። በማስተማር በኖርሁበት ዘመን የፊደል ተራ የሚሳሳት ተማሪ ብዙ አጋጥሞኛል፤ ሃይሉክስን ከላንድ ክሩዘር መለየት ያቃተው ግን አንድም አላጋጠመኝም። እነዚያው ልጆች ዛሬ ጎልምሰው፣ ከአባታቸው መንጋ ድርሻቸውን የሚቀበሉበት፣ ወይም ከደመወዛቸው ጥቂት የሚያጠራቅሙበት ጊዜ ደርሷል። ከመካከላቸው አንዳንዱ ግመሎቹን አሽጦ በምትካቸው ሆዱ መሬት የሚነካ አሮጌ ቪትዝ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ዘመዶቹ መንደር ሊሄድበት አይችልም። ስለዚህ ጧት ከቤቱ እስከ ሻይ ቤቱ ይነዳዋል፤ ማታ ከሻይ ቤቱ እስከ ቤቱ ይመልሰዋል። በእግር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

አውቶሞቢል በአገራችን ከክብር ጋራ የተጣበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል የመጣው በዚሁ በምሥራቁ አቅጣጫ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ ባልተጠረገበት ምድር ብዙ ወራት ደክሞ፣ አዲስ አበባ አግብቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበው። ንጉሠ ነገሥቱም አዲስ ነገርን ሁሉ መርምረው የሚያዩ ስለ ነበሩ ደስ ተሰኙበት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል። አውቶሞቢል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ነጋዴው፣ ወደ ታክሲ ነጂው ወርዷል፤ የንጉሥነቱ ሽታ ግን አለቀቀውም። ዛሬም አንድ ሰው ከበቅሎ ሳይሆን ከአውቶሞቢል ሲወርድ ወንበር ይለቀቅለታል። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ቢመጡ፣ አንዱ ተምሮ በእግሩ፣ ሌላው ሳይማር በመኪናው ቢደርስ፣ ማን በፊት ሰላምታ እንደሚሰጠው አንባቢዬ ራሱ ያውቃል።

እንግዲህ ዋጋው ለምን ወጣ? ይህን ሳይመረምር «ይወጣል፣ ይወጣል» የሚል ሰው፣ ወንዙ ሲሞላ አይቶ ከየት እንደ ዘነበ የማይጠይቅን ሰው ይመስላል። አዋሽን የሚያውቅ ሰው፣ በገዋኔ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ በደጋ በዘነበ ዝናብ ጎርፍ እንደሚመጣብን ያውቃል። የመኪናም ዋጋ እንደዚሁ ነው። ጎርፉ የመጣው ከመኪናው ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው።

አንደኛው ምንጭ ቀረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ላይ፣ አርጅተው በሚገቡ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለ። የታሰበው የሌላው አገር ጥራጊ ወደ እኛ እንዳይፈስ ነበር፤ ሐሳቡንም አልነቅፍም። ነገር ግን በዚያው ቀን አገር ውስጥ ቆሞ የነበረው አሮጌ ሁሉ፣ አንድ ብሎን ሳይጨመርለት ባለ ዋጋ ሆነ። ሁለተኛው ክልከላ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ እንደማይገቡ አስታወቀ። የማይገባ ዕቃ ደግሞ ያለው እንዲወደድ ያደርጋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የብራችን መውደቅ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር ለብዙ ዓመታት በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተወስኖ ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም።

እስቲ አሁን ሒሳብ እናድርግ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን ደብተራችንን በመካከል አስምረን፣ በአንድ ወገን ገቢ፣ በሌላው ወገን ወጪ እንድንጽፍ ያስገድዱን ነበር። ሳንቲም ያልነበረን ልጆች ስለ ነበርን ይህ ነገር ያስቀን ነበር። የሚጻፍ ቢጠፋ እንኳ መሥመሩ ይሰመር ይሉ ነበር። በዚያው መሥመር ላይ አንድ ሰው እንጻፍ። ሰውየው ዶላር 50 ብር ሳለ አሮጌ ቪትዝ በ700,000 ብር ገዛ እንበል። ዶላር 125 ብር በገባ ጊዜ በ1,400,000 ብር ሸጠው። በሻይ ቤት «እጥፍ አተረፈ» ይባላል፤ እሱም ሻይ ይጋብዛል። ነገር ግን ሲገዛ ያወጣው ገንዘብ 14,000 ዶላር ነበር፤ ሲሸጥ የተቀበለው 11,200 ዶላር ነው። 2,800 ዶላር ጎድሎበታል። በወጪው ወገን ደግሞ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ዘይቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ በየዓመቱ የሚለጠፈው ቦሎ፣ መካኒኩ፣ ደላላውም ሳይቀር ይጻፋሉ። ነዳጁ ብቻውን ምን ያህል እንደ ሆነ ለማስታወስ ያህል፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ቤንዚን በአዲስ አበባ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ። ከዚህም ሁሉ በኋላ ሰውየው ያንኑ ቪትዝ መልሶ ልግዛ ቢል 1,400,000 ብሩን እንዳለ ማስረከብ አለበት። እንግዲህ አተረፈ የተባለው ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ላይ ብልኅ የሆነ ወጣት የሚያነሣብኝ መልስ አለ፤ ደካማ መልስ ስላልሆነ ልሸሸው አይገባኝም። «መምህር ሆይ፣ ያ ሰው 700,000 ብሩን በባንክ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ፣ ወለዱን ትተን፣ በመጨረሻው 5,600 ዶላር ብቻ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ መኪናው አድኖታል» ይለኛል። እውነት ብለሃል ልጄ። ከሚያንቀላፋ ብር መኪናው ይሻላል። ግን ልብ አድርግ፤ አሁን የምንነጋገረው ስለ ትርፍ መሆኑ ቀርቶ በዝግታ ስለሚደርስ ኪሳራና በፍጥነት ስለሚደርስ ኪሳራ ሆኗል። ደግሞስ በዚህ ምድር ላይ ያለው ምርጫ ባንክና ቪትዝ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? ከአዋሽ ውሃ የሚስብ ሞተር የለምን? ወፍጮ የለምን? ለእህትህ የሚከፈል የኮሌጅ ወጪ የለምን? የሸጥሃቸው ግመሎችስ?

ስለ ግመል ጥቂት ልናገር፤ በአፋር ምድር ተቀምጦ ስለ ሀብት የሚጽፍ ሰው ግመልን ቢዘልላት ነውር ነውና። ግመል ዐሥራ ሦስት ወር ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ልጇንም እያጠባች ለቤቱ ወተት ትሰጣለች፤ የምትበላው ማንም ያልዘራውን ቅጠል ነው። የግመል ዋጋ ከብሩ ውድቀት ጋራ አብሮ ይወጣል፤ በባሕር ማዶ የምትፈለግ እንስሳ ናትና። መኪናህም ዋጋው ይወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዓመት ዓመት አንድ ናት፤ ሁለት የሆነች ቪትዝ አላየሁም። «ግመልም በድርቅ ትሞታለች» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ በ2007 መጨረሻና በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ በአፋር ስንቱን ቤት ባዶ እንዳስቀረ የሚረሳው የለም። ሆኖም ከድርቅ የተረፈች አንዲት እንስት መንጋውን መልሳ ታቆማለች። ከግጭት የተረፈ መኪና ግን ለመለዋወጫ ይሸጣል።

መኪናው ቆሞም ያረጃል። የገዋኔን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ማጋነን ይቆጥረው ይሆናል። ጎማው ሳይሄድ ይሰነጠቃል፤ ባትሪው ከደጋው ይልቅ በፍጥነት ይሞታል፤ ቀለሙ ይገረጣል፤ የውስጡ ፕላስቲክ ይደርቃል። አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን የሚያሞግሱ አሉ። መንግሥትም በእነርሱ ላይ ቀረጡን አቅልሏል፤ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ተወስኖባቸው፣ ከኤክሳይዝና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ሆነው ነበር። ለአዲስ አበባ ሰው መልካም ነገር ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ነገር አልገባም። ነገር ግን የእነርሱም ባትሪ ብርቱ ሙቀት የማይወድ መሆኑን፣ ባትሪውም ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ መሆኑን ሳያውቅ የቆላ ሰው ገንዘቡን እንዳይበትን እመክራለሁ።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። በአዋጅ የወጣ ዋጋ በአዋጅ ይወርዳል። ቀረጥ የጣለ ቀረጥ ሊያነሣ ይችላል፤ የከለከለም ሊፈቅድ ይችላል፤ ርካሹም የኤሌክትሪክ መኪና ቢበዛ አሮጌው የነዳጅ መኪና የሚፈልገው ያጣል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በአንድ ቆርቆሮ ላይ ያኖረ ሰው በዚያ ቀን ለማን አቤት ይላል? ግመልን ግን እንዳትወልድ የሚከለክል መመሪያ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከተማሪዎቼ አንዱ በስልኩ ላይ ያነበበውን ሊያሳየኝ መጥቶ ነበር። በአውሮፓ የሩጫ መኪና ዋጋ እንዴት እንደሚያድግ የሚገልጥ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ኤል አር የተባለች፣ በ1940ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተሠራች አንዲት መኪና በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች፤ ነገሩ እውነት ነው። ልጁም «ይኸው፣ መኪና እንዲህ ሀብት ይሆናል» አለኝ። እኔም «ከዚህች ዐይነት ስንት ተሠሩ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈልጎ «ሁለት» አለኝ። ቪትዝስ ስንት ተሠርቷል? እንኳን በዓለም፣ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ጣቱ አይበቃውም። ያቺ የጀርመን መኪና ሥዕል እንጂ መጓጓዣ አይደለችም፤ የገዛትም ሰው ልጁን ሐኪም ቤት ሊያደርስባት አልገዛትም። የባለጠጋ መጫወቻ የሚሸጥበትን ሕግ ለድኻ መሣሪያ ማዋል፣ ንጉሥ ስለሚያደንበት ጠመንጃ እያወሩ ማረሻን መናቅ ነው።

አንዳንዶች «ይህ ሽማግሌ መኪና ስለሌለው ቀንቶ ነው» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። የመምህር ደመወዝ ከአውቶሞቢል ጋራ ተነጋግሮ አያውቅምና መኪና እንደሌለኝ እውነት ነው። ቅናት ስለ መሆኑ ግን እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፤ ሒሳቡ ትክክል ከሆነ የቀና ሰው ቢጽፈውም ትክክል ነው፤ ሐሰት ከሆነም መላእክት ቢጽፉት አይጸድቅም። ያለሁትን ቁጥር በቁጥር ይንቀፉኝ።

አውቶሞቢልን ራሱን የምጠላ የሚመስለው ሰው ካለም ተሳስቷል። ፍየል፣ ሽንኩርት፣ ጥጥ የሚጭን አይሱዙ ለመግዛት ሦስት ወንድማማቾች ቢተባበሩ፣ በቀን ምን ያህል ይጭናል፣ ምን ያህል ነዳጅ ይፈጃል፣ ጎማው በስንት ወር ይለወጣል ብለው ቢጽፉ፣ መሥመሩም ሞልቶ ቢተርፍ፣ ዋጋው ሁለት ሚሊዮንም ይሁን አራት ይግዙ እላለሁ። ባጃጅ ገዝቶ ቤተሰቡን የሚመግብ ልጅ ሳይ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። እነዚህ መኪና ሲገዙ ሥራ መግዛታቸው ነው፤ የነገው ዋጋ ወጣም ወረደ የዛሬውን እንጀራ ያገኙበታል። የምከራከረው ደረቱን ለማሳየት ከሚገዛው ጋራ ነው፤ ይልቁንም ደረቱን ለማሳየት መሆኑን ደብቆ «ገንዘብ ማስቀመጤ ነው» ከሚለው ጋራ። ለመታየት ገዛሁ የሚል ሰው ቢያንስ ሐሰት አልተናገረም።

አንድ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ከደጁ ነጭ መኪና ቆሟል፤ ከፀሐይ ለመከላከል ሸራ ተወጥሮለታል። የልጁ እናት ግን ሁልጊዜ ጧት አራት ጀሪካን በአህያ ጭነው ውሃ ለመቅዳት ይወጣሉ። አህያዪቱ ሸራ የላትም፤ እናቲቱም የላቸውም። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አስተምሬዋለሁ፤ ትሑትና ታዛዥ ነበር። አንድ ቀን «ለምን ውሃውን በመኪናህ አታመጣላቸውም?» አልሁት። «መምህር፣ ወንበሩ ይበላሻል፤ በኋላ ስሸጠው ዋጋው ይወርዳል» አለኝ። ይህን ሲናገር ምንም አላፈረም፤ ዋጋ ወጪ ነው ብለው የነገሩትን አምኖ ነውና። እንግዲህ ለመሸጥ የተገዛ መኪና ለመጫን የማይሆን፣ ለእናትም የማይታዘዝ ዕቃ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

በአፋር ሕዝብ ዘንድ ግን ይህን ስስት የሚቃወም ጥሩ ልማድ አለ። በዳጉ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ እገሌ መኪና ገዛ የተባለ እንደ ሆነ ዜናው ሩቅ ካለው ጎሳ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በእኩለ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር፣ እባብ የነደፈው ሕፃን ቢኖር፣ ሰው ወደዚያ ቤት ይሮጣል። ባለ መኪናውም እምቢ ማለት አይሆንለትም። ብዙዎች ይህን እንደ መከራ ያወሩታል፤ «መኪና ገዝቼ ለጎሳው ባሪያ ሆንሁ» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። እኔ ግን መኪናው እውነተኛ ዋጋውን ያገኘው በዚያች ሌሊት ነው እላለሁ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ለብቻ ተገዝቶ ለሁሉ የሚሠራውን ለምን ከመጀመሪያው በአንድነት አይገዙትም? ግመል ሲሞትበት የዘመዱን ጉድለት በየራሱ መንጋ የሚሞላ ሕዝብ፣ አንድ ጠንካራ የገጠር መኪና በጋራ ገዝቶ፣ ነጂ ቀጥሮ፣ ሒሳቡን ፊደል ለሚያውቅ ልጁ ቢሰጥ ምን ያግደዋል? ይህን ለሽማግሌዎች በተናገርሁ ጊዜ አንዱ «መልካም ነው፤ ግን ከፊት ወንበር ማን ይቀመጥ?» ብለው አሳቁን። ከሳቁ በኋላ ግን ብዙ ዝም ተባለ፤ ጥያቄው የቀልድ ብቻ አልነበረምና።

አሁን በምጽፍበት ሰዓት ሁለት ወንድማማቾች የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው፣ የአባታቸውን ግመሎች ከፊሉን ሸጠው ገንዘቡን ይዘው በዚሁ በገዋኔ ተቀምጠዋል። ታላቁ ሃይሉክስ ይላል፤ ታናሹ የውሃ ሞተርና ጥቂት የእርሻ መሬት ይላል። ደላላው በየቀኑ እየደወለ «በሚመጣው ሳምንት ዋጋው ይጨምራል» ይላቸዋል። ሊያማክሩኝ መጥተው ደብተር አውጥተን መሥመሩን አሰመርን። የሞተሩ ገቢ ወገን በአንድ ገጽ አላለቀም። የሃይሉክሱ ገቢ ወገን ላይ ታላቁ እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ጊዜ ቆየና «ሰርግ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም ሰረዘው። እስካሁን አልወሰኑም። ሃይሉክሱን ከመረጡ ግን፣ ቀብድ ከመስጠታቸው በፊት ሊብሬውን ከሻንሲው ቁጥር ጋራ ራሳቸው እንዲያስተያዩ፣ መኪናውም የባንክ ዕዳ ያለበት እንዳይሆን መዝገቡን እንዲጠይቁ፣ ደላላውንም በዚያ ሰዓት ከአጠገባቸው እንዲያርቁት ነግሬያቸዋለሁ።